ሳተላይቱ የማያየው የሐዋሳ ዳርቻ

የሐዋሳን ሐይቅ ለመለካት መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ገመድ ነው። ሳተላይቱም፣ ላብራቶሪውም፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲውም በኋላ ነው የመጡት። ቀጥሎ ብየዳ ቤት ሄጄ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ አስቆረጥኩ። በአራት ከፍዬ ሁለቱን ሩብ ጥቁር፣ ሁለቱን ነጭ ቀባሁት። ቀጥ ብሎ እንዲሰምጥ ከሥሩ ብረት አሰርኩበት። ገመዱ ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት አደረግኩ። አለቀ። ይህ ነገር ሴኪ ዲስክ ይባላል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሞክሮታል። እስከ ዛሬም የውሃን ጥራት የሚያጠኑ ሰዎች ከጀልባቸው አልለዩትም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ከጀልባው ጥላ ባለበት ጎን ቀስ አድርገህ ትለቀዋለህ። ከዓይንህ ሲጠፋ ገመዱን ታነባለህ። ትንሽ አልፈህ መልሰህ ትስበዋለህ፣ ብቅ ሲል ደግሞ ታነባለህ። የሁለቱ አማካይ ልኬትህ ነው። መነጽር፣ ማለቴ የፀሐይ መነጽር፣ ክልክል ነው። ሐዋሳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ሳይሞላ ይጠፋል። መጀመሪያ ቀን አብሮኝ የነበረ ወዳጄ “ታዲያ ይሄ ሁሉ ገመድ ለምን ተገዛ?” ብሎ ስቆብኛል።

የኔ ሥራ ካርታ ነው። የመሬት ልኬትና የሳተላይት ምስል ላይ ነው የምውለው፣ ስለ ውሃ ብዙም አላውቅም ነበር። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት አንድ የውጭ ተመራማሪ ቡድን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በሳተላይት ሲከታተል መሬት ላይ ሆኖ የሚለካለት ሰው ስለፈለገ ነው። ሳተላይት ብቻውን አይታመንም። አንድ ሰው እዚያው ቀን፣ እዚያው ሰዓት ውሃው ላይ ሆኖ “እውነት ነው” ወይም “ውሸት ነው” ሊለው ይገባል።

ሐዋሳ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚመች ከተማ ነው፣ በአሳዛኝ ምክንያት። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከከተማው ጎርፍ፣ ከየቦዩ፣ ከታጠበ ልብስና ከታረሰ መሬት የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ቴክኖሎጂው ከተማ ውስጥ አለ ማለት ነው። የኛ የየቤቱ ፍሳሽ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

የምንጠቀመው ሴንቲኔል-2 የሚባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ነው። ምስሉ በነፃ ነው፣ ማንም አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ላይ ወጣ፣ ሁለተኛው በ2017 ሲጨመር በየ5 ቀኑ አንድ ቦታ ላይ ማለፍ ጀመሩ። ጥሩ በሚባለው ምስል ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ክረምት ላይ ግን ደመናው አያስቀርብም። በየ5 ቀኑ እየመጣ ነጭ ጥጥ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

ገመዱና ሳተላይቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ዲስኩ ሲጠፋ ያጠፋው ጭቃ ይሁን አልጌ አይነግርህም። ሁለቱም ያደፈርሳሉ። በጤና በኩል ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ አልጌ መርዝ ያመነጫል፣ ቆቃ በዚህ ምክንያት ስሙ ሲነሳ ቆይቷል። ሳተላይቱ ደግሞ ከቀይ ብርሃን ትንሽ አለፍ ያለውን ቀለም ለይቶ ስለሚያይ የክሎሮፊልን፣ ማለትም የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም፣ ምልክት ከጭቃው መነጠል ይችላል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግስት ጥቁር ውሃ በሚገባበት በኩል ዲስኩ ቶሎ ሲጠፋ ምስሉ “ይሄ አፈር ነው” ይለናል።

ሳተላይቱ የሚያልፈው ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው። አጋሮቻችን መርሐ ግብሩን ሲልኩ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) “08:00” ብለው ነው የሚጽፉት። የነሱ ስምንት በኛ አምስት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው። እኔ በሐበሻ ቀንና ሰዓት ገልብጬ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሻይ በሚጠጡበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከስንት የኢሜል ምልልስ ይልቅ ያቺ ወረቀት ሥራ ሠርታለች።

ጀልባችንን የሚቀዝፉት ጋሼ መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ዓሣውን የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አራግፈው ሲጨርሱ ለኛ ጊዜ አላቸው። ይህ ከሳተላይቱ ሰዓት ጋር በዕድል ገጠመ። አንድ ቀን ደመናው እስኪገለጥ ከሰዓት እንቆይ ብዬ ብለምናቸው፣ “ልጄ፣ ከምሳ በኋላ ሐይቁ የንፋሱ ነው፣ የኛ አይደለም” አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ ንፋሱ የሥሩን ደለል ካነሳው ልኬቱም አይረባም። ጉማሬ የሚውልበትን አቅጣጫም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የመለኪያ ነጥቦቹን ከውጭ የመረጠልን ኮምፒውተር ጉማሬ አያውቅም። ሁለቱን ነጥብ በጋሼ ቃል አዛወርናቸው፣ ማንም አልተከራከረም።

የላብራቶሪው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተቀዳው ውሃ ብርሃን እንዳያገኘው ጠርሙሱ በፎይል ይጠቀለላል፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር በመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ይጣራል። ነጭ ሆና የገባች ክብ ማጣሪያ ደማቅ አረንጓዴ ሆና ስትወጣ ያየ ሰው ሐይቁን እንደ በፊቱ አያየውም። አረንጓዴው አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ይነከርና ክሎሮፊሉ ይለቀቃል፣ በመጨረሻ መጠኑ በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ይነበባል። ችግሩ ማጣሪያዋ ከተጣራች በኋላም ቅዝቃዜ ትፈልጋለች። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ፍለጋ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ዞረናል። ለዚህ የሚሆን በጀት ማንም አላሰበም። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የምትጽፉ ከሆነ “በረዶ” የሚል መስመር አስገቡ፣ የምሬን ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ደረሰኝ ነው። ጀልባ ቀዛፊ ደረሰኝ የለውም። ገንዘቡ በሚያልፍበት ቢሮ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አምስት ሳንቲም አይወጣም። ሰው ሠርቶ ወር ሙሉ ሳይከፈለው ሲቀር በሚቀጥለው ጊዜ “ሞተሩ ተበላሽቷል” ይልሃል፣ አይፈረድበትም። መፍትሔው የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር በስምምነቱ ውስጥ እንደ አንድ አጋር ማስገባት ሆነ። ማኅበሩ ማህተም አለው፣ የባንክ ሒሳብ አለው፣ ክፍያው በሱ በኩል ሄደ። ያኔ ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘ። ዓሣ አስጋሪዎቹም የቀን ሠራተኛ መሆናቸው ቀርቶ በስብሰባ የሚናገሩ ሆኑ።

ስምምነት ካነሳሁ አይቀር፣ ከመፈረማችን በፊት አጥብቀን የያዝናቸው ነጥቦች ነበሩ። የዳታው ሙሉ ቅጂ ሐዋሳ ይቀመጣል። ናሙና ወደ ውጭ አይሄድም፣ እዚሁ ተለክቶ ቁጥሩ ብቻ ይላካል። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስፈልገውን ፈቃድና ወረቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት ጊዜ እንዳተረፈልን ይገባዋል። ውጤቱም መጀመሪያ የሚነገረው እዚህ ነው፣ በአማርኛና በሲዳምኛ።

የመጨረሻው ነጥብ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከዓመታት በፊት የሐዋሳና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በጋራ የሐይቁን ዓሣ መርምረው ነበር። ትልልቅ ቢልጫ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከቆሮሶው በጣም እንደሚበልጥ አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ቢልጫ ሌላ ዓሣ ይበላል፣ የተበላው ዓሣ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሁሉ እሱ ላይ ይጠራቀማል። ጥናቱ በሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። አሞራ ገደል ቁጭ ብለው ዓሣ የሚበሉ ሰዎችን ስጠይቅ ግን ሰምቼዋለሁ የሚል አላገኘሁም። ነፍሰ ጡር ሴት ማወቅ ያለባት ነገር እንግሊዝኛ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካርታው እያማረ፣ ገመዱና ሳተላይቱ መሀል ሐይቁ ላይ እየተስማሙ ሲሄዱ የመጀመሪያውን ውጤት ለሠፈር ሰዎች አሳየን። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጇን አወጣች። “ልጆቹ የሚዋኙበት ጋ ያለው ውሃስ?” አለች። መልስ አልነበረንም። ሳተላይቱ ዳርቻውን አያየውም። አንዷ ነጥብ 10 ሜትር ናት አላልኩም? ዳር ላይ ስትወድቅ ጭቃው፣ ፊላው፣ ጀልባው፣ ውሃው ሁሉ እንደ ሚጥን ሽሮ አንድ ላይ ተፈጭቶ ይመጣል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ነጥቦችን “ቆሻሻ ዳታ” ብለው ቆርጠው ይጥሏቸዋል። ሰው ሐይቁን የሚነካው ደግሞ በትክክል እዚያ የተጣለው ቦታ ላይ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ባጃጅ የሚታጠበው፣ ልጅ የሚዘለው እዚያ ነው።

ከአጋሮቻችን ጋር የተከራከርነው በዚህ ነው። እነሱ ተጨማሪ የመሀል ሐይቅ ነጥብ ፈለጉ፣ ለስሌታቸው ይጠቅማል። እኛ ዳር ዳሩን እንሂድ አልን። ክፋት የለባቸውም፣ ገንዘብ የሰጣቸው አካል የጠየቃቸው ያንን ነው። በመጨረሻ ሥራውን ከፋፍለን ለሁለቱም ሠራን። አንድ የምርምር ትብብር የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአገሩ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ የሥራው ዕቅድ ትንሽ ፈቀቅ ካላለ፣ ትብብር ሳይሆን ናሙና ሰብሳቢነት ነው።

ዳር ላይ የፈለግነው ቀንድ አውጣ ነው። ብልሃርዝያን የሚያመጣው ተውሳክ ቀንድ አውጣ ከሌለ አይኖርም። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ወደ እኩለ ቀን ነው። ልጆች የሚዋኙትስ መቼ ነው?

ለዚህ ሥራ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ግድ ነው፣ ሱሪን ሰብስቦ መግባት ብሎ ነገር የለም። ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት ፊላውን ሥር ሥሩን እንጠርጋለን። ቀንድ አውጣዎቹ ቅጠል ላይ፣ ላስቲክ ላይ፣ የተጣለ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ተለጥፈው ይገኛሉ። ሁሉም አያስተላልፍም፤ የምንፈልገው ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለውን ነው፣ ለይቶ የሚያረጋግጠው ባለሙያ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ እያንዳንዱ ለብቻው ንጹሕ ውሃ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ይገባና አምፖል ይበራበታል። እጭ ካለው ለብርሃኑ ብሎ ይወጣል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቦታውንና ፎቶውን የምንመዘግበው በስልክ፣ ኮቦ በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ነው። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ በኋላ ሲገኝ ይልካል። እዚህ አገር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ካርታው ላይ ዳርቻውን ቀይና አረንጓዴ አድርገን ስናበቃ “ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተከል” የሚል ሐሳብ መጣ። ቀይ ያደረግነው ቦታ ላይ ልብስ የምታጥብ እናት አነጋገርኩ። ስለ ብልሃርዝያው ከኔ በላይ ታውቃለች፣ ልጇ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ወስዷል። “ውሃ ቤቴ ቢመጣ እዚህ ምን ያመጣኛል?” አለችኝ። ሰሌዳ ለሷ ምን ይጨምርላታል?

ስለዚህ ካርታችን ላይ የቦኖ ውሃ ቦታዎችንና ቧንቧ የሚመጣበትን ቀን ጨመርን። ቀዩ ዳርቻ ቧንቧ ከሚቆራረጥበት ሠፈር ጋር ይጎራበታል። ለሰሌዳ የታሰበውን ገንዘብ ከውሃው ፈቀቅ ያለ፣ የራሱ ማስረጊያ ጉድጓድ ያለው የልብስ ማጠቢያ ለመሥራት እናውለው ብለን አቀረብን። አጋሮቻችን ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ዳርቻውን ለመለካት ተስማምተዋል። ንድፉ አልቋል። የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው፣ ለሱ የቀበሌው ስብሰባ ከፊቼ ጨምበላላ በኋላ ተቀጥሯል።