ከለንደን ኒውዮርክ ስንት ሰዓት ነው? ቁጭ ብዬ አሰላሁት

አንዱ ድረ ገጽ ከለንደን ኒውዮርክ በአውሮፕላን 6 ሰዓት ከምናምን ይላል። ሌላው 8 ሰዓት ይላል። የበረራ ሰሌዳው ላይ ደግሞ 10:00 ተነስቶ 13:00 የሚደርስ በረራ ታያላችሁ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። 3 ሰዓት መሆኑ ነው! ነገሩ አልዋጥልኝ ስላለ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ርቀቱ። መሬት ድቡልቡል ስለሆነች ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት አያዋጣም። ሉል ፈልጌ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጠርኩ። ክሩ ሲጠብቅ አጭሩን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። ኒውዮርክ ከለንደን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። ክሩ ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከፍ ይልና በአየርላንድ አድርጎ፣ በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ በኩል ይወርዳል።

ክሩ መንገዱን ያሳያል እንጂ ቁጥሩን በደንብ አይሰጥም። ለቁጥሩ የኬክሮስና የኬንትሮስ ሒሳብ አለ። ለንደን 51.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ኒውዮርክ 40.7። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 73.9 ዲግሪ ነው። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዛሁ። ከዚያ የሁለቱን ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነቱን ኮሳይን አባዝቼ ደመርኩበት። 0.641 መጣ። ይህ ኮሳይኑ የሆነው ማዕዘን 50.1 ዲግሪ ነው። አንዱ ዲግሪ መሬት ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ርቀቱ 5,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ።

ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብለን ብናካፍል 6 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይሆናል። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ቁጥር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ግን አየር መንገዶች የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ለማኮብኮቢያው ወረፋ፣ ለመውጣትና ለመውረድ እኔ 1 ሰዓት እጨምራለሁ።

ከዚያ ነፋሱ አለ። በአትላንቲክ ላይ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ብዬ ያዝኩት። ወደ ለንደን ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፤ 5:34 ይፈጃል። ወደ ኒውዮርክ ሲሄዱ ከፊት ይመጣል፤ 6:58። 1 ሰዓቷን ስጨምር 6 ሰዓት ተኩልና 8 ሰዓት ገደማ ሆነ። ከበረራ ሰሌዳው ብዙም አይርቅም። የገረመኝ ደግሞ ደርሶ መልሱን ስደምር ነፋስ ከሌለበት በ9 ደቂቃ መብለጡ ነው። ነፋሱ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል፤ ከፊት ሲመጣ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገለናላ።

ለዚህም ነው የአትላንቲክ የበረራ መስመሮች በየቀኑ እንደ ነፋሱ የሚቀየሩት። በፌብሩዋሪ 2020 ማዕበል በነበረበት ሰሞን አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል።

ያቺ የ3 ሰዓት በረራስ? ኒውዮርክ ከለንደን በ5 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች 3 ላይ 5 ደምሩ፤ 8 ሰዓት። ስትመለሱ ቀንሱ፤ 19:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 የሚገባው 12 ሳይሆን 7 ሰዓት ነው። ማርች ላይ ግን ተጠንቀቁ። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ከእንግሊዞቹ ቀድመው ስለሚቀይሩ ልዩነቱ ለጥቂት ሳምንታት 4 ሰዓት ይሆናል።