ባቡር መጣ ወይስ ባቡሩ መጣ? በሁለት ቋንቋ የሚዘመር የተሽከርካሪ መጽሐፍ ስናዘጋጅ

አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይዞ፣ ወላጅና ልጅ እየዘመሩ የሚገልጡት የመኪናና የባቡር መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ቀለም ቆጠራ ላይ ነው፤ ቀለም የምንለው በአንድ ጭብጨባ የሚነገረውን የቃል ቁራጭ ነው። ትርጉሙ ልክ ሆኖ ዜማው ላይ አልቀመጥ ይላል።

«ዘ ትሬን ኢዝ ካሚንግ» 5 ቀለም ነው። ቃል በቃል ከተረጎምነው «ባቡሩ እየመጣ ነው» ይሆናል፤ 8 ቀለም። ትርፎቹ 3 ቀለማት ዜማው ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው አዋቂው ይጣደፋል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ መከተል ሲያቅተው ዝም ይላል። «ባቡሩ መጣ» ግን ልክ 5 ነው። ምቱም በእንግሊዝኛው «ትሬን» እና «ካ» ላይ እንደሚያርፍ፣ በአማርኛው «ቡ» እና «መ» ላይ ያርፋል።

ፊደል መቁጠር ያሳስታል። «ባቡር መጣ» እና «ባቡሩ መጣ» ሁለቱም 5 ፊደል አላቸው፤ በመጀመሪያው ግን ሳድሷ «ር» ከ«ቡ» ጋር ተጣብቃ ስለምትነገር ቀለሙ 4 ብቻ ነው። እያጨበጨባችሁ ቁጠሩ። ጾታም ልኩን ይቀይራል፦ «ይሄዳል» 3፣ «ትሄዳለች» 4። መኪናዋን «እሷ» ብሎ የጀመረ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው እሷ ይበላት። «የእሳት አደጋ መኪና» ደግሞ ከሌላ ቃል ጋር አንድ ስንኝ ውስጥ አይገባም፤ ስንኙን ለብቻው ስጡት።

ሌላው ፈተና ገጽ መግለጡ ነው። እንግሊዝኛው «ሂር ካምስ ዘ…» ብሎ ልጁን ያጓጓና ስሙን ቀጣዩ ገጽ ላይ ያወጣዋል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያደርግ «ባቡር» የሚለው ቀድሞ ይወጣና ጉጉቱ ይጠፋል። መፍትሔው ጥያቄ ነው፦ «ቱፍ ቱፍ የሚለው ማነው?» ገጹ ይገለጣል፤ «ባቡር ነው!» ይህ እንዲሠራ ጥያቄው የግድ ቀኝ ገጽ ላይ ይሁን። ግራ ላይ ከሆነ መልሱ ፊት ለፊቱ ይታያል። ገጹ እስኪገለጥ ዜማው እንዳይቋረጥ 4 ምት የሚሞላ ድምፅ ጨምሩ፦ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ።

በመሐል የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 16 ገጽ ለ6 ተሽከርካሪ በቂ ነው፦ 1 እና 2 ለርዕስ፣ ከ3 እስከ 14 ለጥያቄና መልስ፣ 15 እና 16 ለሙሉው መዝሙር። በሁለቱም ቋንቋ ስማቸው በሚቀራረበው በታክሲ፣ በትራክተርና በአምቡላንስ ጀምሩ፤ ልጁ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አብሮ ይዘምራል። ብስክሌትና አውሮፕላን ከዚያ ይምጡ።

የአማርኛውን ፊደል በጣም አታወፍሩት፤ የ«ጨ» እና የ«ጠ» ክፍተቶች ይደፈናሉ።

ተጭነው የሚያስጮኹት መጽሐፍ ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን መታሰሩን አረጋግጡ። ክቧ ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ የዋጠ ከመሰላችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።