በዶሮ ላባ የሚጸዳ ፒፓ

የትምባሆ ፒፓ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ካለ፣ እንጨት ከመግዛቱ በፊት ይህን ያንብብ። እኔ ሚያዝያ 2015 ላይ ስጀምር እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አባቴ ጭን ላይ ዛሬ ያለው ጠባሳ አይኖርም ነበር።

ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት፣ ማለት ዕቃ እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ያለበት ወርክሾፕ፣ አለኝ። ቡሽንግ እቆርጣለሁ፣ የወፍጮና የባጃጅ ዕቃ አስተካክላለሁ። አባቴ 78 ዓመቱ ነው፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርቶ ጡረታ የወጣ። ፒፓ የለመደውም እዚያው፣ ከፈረንሳዮቹ ጋር ሲሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጋብ ሲልና ቡና ሲቀርብ፣ ሽርጡን ሰብስቦ በረንዳ ላይ ይቀመጥና አንዲት ያጨሳል። ሐኪም አቁም ብሎታል፣ እኔም ለምኜዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አቦ ተወኝ፣ ይቺን አንዷን!» ንጹህ ፒፓ ትምባሆን ከጉዳቱ አያነጻውም፣ ይህን አውቃለሁ። እኔን ያስነሳኝ ግን ሽታው ነው። አሮጌው ፒፓው ሳይለኮስ እንኳ ከበረንዳ እስከ ጓዳ ይሸት ነበር። የሚያጸዳው በብስክሌት ራጂ ነው። ራጂው ደግሞ ቀዳዳውን እየቧጨረ ለሚቀጥለው ቆሻሻ ቦታ ያዘጋጅለታል።

አስፈቅጄ አሮጌውን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ከዚያች ግማሽ ሰዓት የተማርኩት ኋላ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል። ትምባሆው የሚነድበት የፒፓው ራስ ውስጥ የጋገረው ጥቁር ከሰል ችግር አልነበረም። የሳንቲም ውፍረት ያህል ከሆነ እንዲያውም እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል፣ ከዚያ ሲወፍር መላግ ብቻ ነው። ችግሩ አንገቱ ጋ ነበር። ጭሱ ከእሳቱ እየራቀ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበትና ዝፍት አንገቱና መምጠጫው የሚጋጠሙበት ላይ ይጥለዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳው ከ4 ሚሊ ሜትር ድንገት ወደ 8 ይሰፋና ተመልሶ ይጠብባል። ላባ ብትሰድበት፣ ራጂ ብትሰድበት፣ ሰፊውን ጎድጓዳ ዘሎት ያልፋል። የዓመታት ዝፍት እንደ ሬንጅ ተጋግሮ የተቀመጠው እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ነበር። የደብሊኑ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1890 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ፒፓ ሆን ተብሎ የእርጥበት ማጠራቀሚያ ተሠርቶለታል፤ ብዙ ሰው ያመሰግነዋል። እኔ ግን ጣት የማይደርስበት ማጠራቀሚያ አልወድም። ፒፓ ማጽጃ የሚባለው ባለጸጉር ሽቦ እኛ ገበያ አይገኝም። ያለን የዶሮ ላባ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ያወጣሁት ደንብ አንድ ነበር፦ ጣት ወይም ላባ የማይደርስበት ቦታ አይኑር።

ደንቡን ይዤ መጀመሪያ የሠራሁት ግን ይህን አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተወጠነ ፋልኮን የሚባል ፒፓ አለ። አንገቱ አሉሚኒየም ነው፣ የእንጨቱ ራስ በጥርስ፣ ማለት እንደ ብሎን እየዞረ፣ ይታሰርበታል፣ ሲቆሽሽ ፈትተህ ትጠርገዋለህ። ቶርኖ ላለው ሰው ይህ ግብዣ ነው። ጥርስ ማውጣት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ አሰብኩና ወዲያው ተነሳሁ። ተማሪ ቤት ያስተማረን መምህር «የላላ ግጥም የሰነፍ ሥራ ነው» ይል ነበር። እኔም 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ አወጣሁና የወይራውን ራስ ለክቼ አጠበቅኩት። ክር አያስገባም። አባቴ በጣቱ ዳሰሰውና «ይኼ የወርክሾፕ ሥራ ነው» አለኝ። ለሁለት ቀን በዚያ ቃል ስኮራ ሰነበትኩ።

ወይራውን የገዛሁት ሐረር፣ ሸዋ በር ነው። በልግ ነበር፣ ጠዋት ዘንቧል። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ «አባባ፣ ደርቋል?» አልኳቸው። «አንት ልጅ፣ ሁለት ዓመት የከረመ ነው» አሉኝ። ሳነሳው ከበደኝ። ወይራ ድሮም ከባድ ነው ብዬ አለፍኩት። ፈረንጆች ለፒፓ የሚመርጡት ብራየር የእኛው አስታ የሥሩ ጉጥ እንደሆነ፣ እሱንም ሰዓታት ቀቅለው ወራት እንደሚያደርቁት አንብቤ ነበር። አንብቤ ሳበቃ ነው እርጥብ እንጨት በሚኒባስ ጭኜ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ የወረድኩት።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ቁልቁለቱን ስትጨርስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ሌላ ነው። እንጨት ይህን ነፋስ ያውቀዋል። ሲደርቅ በቁመቱ እዚህ ግባ የሚባል አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል፣ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ደግሞ ቀለበቱን አቋርጦ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ አድርገህ የበሳኸው ቀዳዳ ሲደርቅ እንቁላል ይሆናል። ውስጡ የታሰረው አሉሚኒየም ግን አይኮማተርም፣ ቦታም አይለቅም። አንዱ እየጠበበ ሌላው እምቢ ካለ መጨረሻው መሰንጠቅ ነው።

በ11ኛው ቀን አባቴ «ልጄ፣ አልፈታ አለኝ» አለ። ግንቦት ነው፣ ድሬ የምትጋይበት ወር። «ጠንከር አድርገህ አዙረው» አልኩት። ይህችን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል በወደድኩ። በፒንሳ ይዞ በግድ ፈታው። ጥርሱ መሀል ዝፍት ገብቶ እንደ ማጣበቂያ ይዞታል። ልብ በሉ፣ ለማጽዳት ብዬ ያወጣሁት ጥርስ እያንዳንዱ መስመሩ አዲስ የዝፍት ቤት ሆኗል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን በአረቄ አጥቤ፣ ጥርሱን ሰም ቀብቼ መልሼ አሰርኩለት። ስህተቱን ከማመን ሰም መቀባት ቀለለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ በረንዳ ላይ ነበርን። ልጄ ቡና ትቆላለች። አባቴ ገና ለኩሶ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሳበ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ እንጨት ምጣድ ሥር ሲፈነዳ የሚሰማው ዓይነት ነው። የፒፓው ራስ ከላይ ጠርዙ እስከ ታች የታሰረበት ጥርስ ድረስ ተሰነጠቀና ፍሙ አባቴ ጭን ላይ ወደቀ። ሽርጡ ንጹህ ጥጥ ቢሆን ይቃጠልና ያልቅ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ክር ስለነበረበት ቀልጦ ቆዳው ላይ ተጣበቀ። ልጄ የስኒ ማጠቢያውን ውሃ ደፋችበት። አባቴ አልጮኸም። ሁለት እጁን ወንበሩ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። እኔ ደግሞ የተሰነጠቀውን ፒፓ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ለምን እንዳነሳሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ አሮጌው ካርድ ካልተገኘ አዲስ አይወጣም ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆመን። የተቃጠለ ሽማግሌ ቆሞ እያየ መዝገብ ያገላብጣል። ነርሷ ስታየው «ለምን ቶሎ አላመጣችሁትም?» አለች። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። ግን ያን ሰዓት ሁሉ በካርድ ክፍሉ ልጅ ላይ የተቆጣሁት በራሴ ላለመቆጣት እንደነበር ገብቶኛል።

ቤት ስገባ የተረፈውን ወይራ መዘንኩት፤ 640 ግራም። መደርደሪያ ላይ ትቼው በሦስት ሳምንት 530 ግራም ገባ። ከመቶ አሥራ ሰባት እጁ ውሃ ነበር። ሁለት ዓመት ከርሟል የተባለው እንጨት! አሥር ብር የማትፈጅ ሥራ ናት፦ እንጨቱን በየሳምንቱ መዝኑ፣ ክብደቱ መውረድ እስኪያቆም ቶርኖ ላይ አታውጡት። የሻጭን ቃል ተዉት። ደግሞም ሐረር ላይ የደረቀ ድሬ ላይ ደረቀ ማለት አይደለም፤ ፒፓው በሚጨስበት ከተማ ይድረቅ።

ሁለተኛውን ሐሳብ የሰጠኝ ጋያ ነው። ገጠር ሽማግሌዎች ሲያጨሱበት ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ውሃ ያለበት ቅል፣ ከላዩ የሸክላ ራስ፣ ከጎኑ ሸምበቆ። ሁሉም ይነቀላል፣ ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። ሸክላው ሲቆሽሽ እሳት ውስጥ ይጣላል፣ ዝፍቱ ነድዶ ያልቃል። አውሮፓም የሸክላ ፒፓ በነበረበት ዘመን እንዲሁ እሳት ውስጥ መልሰው ያጸዱት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ከቅል የሚሠራ ፒፓ አለ፤ ራሱ ለብቻው ይነሳል፣ የሚይዘው ቡሽ ነው። እኔ ጥርስ ሳወጣ መልሱ የአያቶቻችን እጅ ላይ ነበር።

እንጨቱን ከቤት አገኘሁ። እናቴ ጫፉ የተሰበረ የወይራ ዘነዘና በር ኋላ አስቀምጣ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በርበሬና ቡና የወቀጠችበት። ጠየቅኳት፣ ትንሽ አሰበችና «ለአባትህ ከሆነ ውሰደው» አለችኝ። ከዚያ የደረቀ እንጨት ድሬ ውስጥ የለም።

ሥራው አጭር ነው። ከዘነዘናው 9 ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ ከላይ 36 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ጥልቀት በሳሁት። ይህ ቤቱ ነው። የፒፓውን ራስ ጀበና የምትሠራ ሴት ከሸክላ ሠራችልኝ፦ ከንፈር ያለው ትንሽ ጽዋ፣ ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 5። ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ቀለበት ቆርጬ በራሱና በቤቱ መሀል አስገባሁ፣ ከቡሹ በታች እንጨቱና ሸክላው አይነካኩም። ከራሱ ሥር ጣት የሚገባበት ባዶ ቦታ ቀረ። ጭሱ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ዝፍቱን እዚያ ይጥላል፣ አባቴ ደግሞ የሸክላውን ራስ አንስቶ በጨርቅ በጣቱ ይጠርገዋል። ሸምበቆው አንገት ሳያስፈልገው በቀጥታ ከቤቱ ጎን ይገባል፤ ጫፉ ሾጠጥ ብሏል፣ ጥጥ ክር ተጠምጥሞበታል። ወደ ፀሐይ ይዛችሁት ወዲያ ማዶ ብርሃን ካላያችሁ ላባ ስደዱበት። ሲሰለቻችሁ ጣሉት፣ ሸምበቆ ርካሽ ነው።

መጀመሪያ ከሸክላው ራስ ሥር አንድ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስበሳሁ፣ አመድ አባቴ አፍ ድረስ መጣበት። አሁን ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ሸክላው እርጥብ እያለ በራጂ የተበሱ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚያንስ ሃያ ራሶች ሃያ መጠን ሆነው መጡ። ልክ እንዲሆኑልኝ ሴትዮዋን ላስጨንቃት አልፈለግኩም፤ ቡሹን ለየራሱ መቁረጥ ይቀላል።

አዲስ ፒፓ ውስጡን ማር ቀቡ የሚሉ አሉ። ድሬ ላይ ጉንዳን ትጠራላችሁ እንጂ ሌላ አታተርፉም። በውሃ አታስነኩት የሚለውንም እኔ አልቀበልም። የእኔ ፒፓ የእንጨት ቤቱ ሰም ጠጥቷል፣ በሳምንት አንዴ በለብታ ውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ እስካሁን ምንም አልሆነም።

ጎረቤት «አስመዝግበው» ብሎኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የእኔን ሥራ ይመለከት እንደሆነ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ገና ሸምበቆውን ሲያይ «ሺሻ ነው፣ በአዋጅ ተከልክሏል» አለኝ። አዋጅ 1112/2011 ሺሻን መከልከሉን አውቃለሁ፣ ውሃ የለውም ብዬ ቤቱን ከፍቼ አሳየሁት። አላየም፤ ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ፣ እሱም ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሁለት የሥራ ቀን ሄደ። ሰው እንዲያጨስ አልፈልግምና ለመሸጥም አላሰብኩም፣ ተውኩት።

አባቴ አሁን አራት ራሶች በቆርቆሮ ይዞ ይቀመጣል። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የቆሸሸውን በጉጠት ከሰሉ መሀል ያስገባል። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንደ አዲስ ይቀላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተሰነጠቀበት፣ ትኩሱን ስኒ ማጠቢያው ውስጥ ስለከተተው ነው። ከእሳት ሲወጣ ውሃ አታሳዩት፤ አመድ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ማግስቱ አትንኩት።