ሸዋ ሮቢት፣ ከወይኑ ሐረግ ሥር

የጥምቀት ሰሞን እረፍት ወስጄ ከአክስቴ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርበን ቁርስ በላን። ጣርማ በርን በጣሊያን ጊዜ በተቆፈረው ዋሻ አለፍን። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ስንወርድ ጋቢውም ሹራቡም የኋላ ወንበር ላይ ተጣለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ መግባት እንዲህ ነው።

የሄድነው በመስኖ የሚለማ አንድ ትንሽ የወይን እርሻ ለማየት ነው። ያስጎበኘን ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበር። ወይን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዝዋይን ነው፤ የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ካለማው እርሻ የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 2014 ነው። በዓይኔ ሐረጉን ከነፍሬው ቀርቤ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ለቅዱስ ቁርባን ዘቢብ የሚዘጋጅበት አገር ልጅ ሆኜ ወይን እንዴት እንደሚያድግ አለማወቄ በጣም ቆጨኝ።

ልጁ ለማስተማሪያ የተተወች አንዲት ግንድ ጋ አቆመን። መቀሱን አወጣ። «እማማ፣ ይቺን ቅርንጫፍ ይዩልኝ። ከሥር ሁለት ዓይን፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበትን እብጠት፣ እቆጥራለሁ፣ ከሁለተኛው በላይ እቆርጣለሁ።» ቀጭ አደረጋት። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ እንደ እንባ ጥርት ያለ ውሃ ጠብ አለ።

ቀዝቃዛ አገር ላይ ወይኑን የሚያስተኛው ብርዱ ነው። ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነቃል። ቆላ ላይ ይሄ ስለሌለ ውሃ ይቀንሱበታል፣ ከዚያ ይገርዙታል። መቀሱ ነው የሚቀሰቅሰው። ከተገረዘ ከአራት እስከ አምስት ወር ገደማ ውስጥ ፍሬው ይደርሳል። ስለዚህ የመከሩን ወር የሚመርጠው ገበሬው ራሱ ነው ማለት ነው። በዓመት ሁለቴ ማምረትም ይቻላል፤ ችግሩ አንደኛው ምርት ዝናብ ላይ ይወድቃል። ዝናብ የመታው ዘለላ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። እነሱ ክረምቱ ሲወጣ ገርዘው የካቲት ላይ ይለቅማሉ። እኔን ከጉዞው ሁሉ ያስደነቀኝ ይሄ ነው። የሰማዩን ጠባይ ሳያውቁ መቀስ ማንሳት አይቻልም።

አክስቴ አንድ ፍሬ ቀምሳ «ጣፍጧል እኮ ልጄ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችው። «ውስጧ ያለችውን ዘር ይንከሷት» አላት። ነከሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ። ዘሩ ገና አረንጓዴና መራራ ነው። ሲበስል ቡናማ ሆኖ ቀጭ ይላል። ከዚያ ጭማቂውን በስኳር መለኪያ አሳየን፣ ወደ ብርሃን አዙረን የምናየው ትንሽ ቱቦ ነው። 19 በመቶ ስኳር ይላል። ለወይን ጠጅ ከ22 እስከ 24 ድረስ ይጠበቃል፤ 24 ከደረሰ 13 በመቶ አካባቢ አልኮል ይሰጣል። ጥቁሩን ወይን ሲጨምቀው ደግሞ የወጣው ነጣ ያለ ውሃ ነው። ቀይ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ ለቀይ ወይን ከነልጣጩ ነው የሚጠመቀው።

አክስቴ ጠጅ ጣይ ናት፣ ዝም አላለችም። «ጌሾውስ?» ልጁ ፈገግ አለ። «የለውም እማማ። እርሾው ልጣጩ ላይም አለ፤ ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ግን የተመረጠ እርሾ ይጨምራሉ።» ከዚያ ስለ ማርና ስለ ጌሾ ሁለቱ ብቻቸውን ተያያዙት። እኔ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ልንወጣ ስንል አክስቴ ለኮተቤው ግቢዋ ቁራጭ ለመነችው። አራት ዓይን ያላት ጤነኛ ቅርንጫፍ መርጦ ሰጣት። ሁለቱን ዓይን ከአፈር በታች፣ ሁለቱን ከላይ፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ፍሬ የምታየው ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። «እስከዚያ መቀስ ግዙ» አላት።