የእረኛ ዋሻና የሻኒዳር አመድ

በጮቄ ተራራ ግርጌ ከብት እየጠበቅሁ ሳድግ፣ ዝናቡ ጠንቶ ገሳችን አልችል ሲል የምንጠለልበት አንድ ዋሻ ነበረን። እሳቱን ከዋሻው አፍ ጥቂት ገባ አድርገን እናነድዳለን፤ ጭሱ ጣሪያውን ተከትሎ ይወጣል፣ እኛ በእሳቱና በግድግዳው መካከል እንኮማተራለን፣ ጥጆቹም ከጓዳ በኩል ይታጎራሉ። ታላቅ ወንድሜ «አመዱን አትበትን፤ ነገም እዚያው ነው የምናነደው» ይለኝ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ በተማሪነቴ ያነበብሁት የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የራልፍ ሶሌኪ ታሪክ ነው። ሶሌኪ እ.ኤ.አ. በ1951 በኢራቅ ኩርዲስታን የሻኒዳርን ዋሻ መቆፈር ሲጀምር ዋሻው ሰው አልባ አልነበረም፤ የኩርድ እረኞች የብርዱን ወራት ከነፍየሎቻቸው በውስጡ ጎጆ ሠርተው ያሳልፉ ነበር። እነርሱ ከሚረግጡት ወለል ሥር እስከ 1960 ድረስ በቁፋሮ ያወጣቸው የኒያንደርታሎች፣ ማለትም ከምድር የጠፉ የጥንት ሰዎች፣ ዐፅሞች የሙያ ዘመኑን ሙሉ አብረውት ኖሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሻኒዳር 1 የሚባለው፣ ግራ ዓይኑ አካባቢ ክፉኛ ተመትቶ ቀኝ ክንዱም ሰልሎ ሳለ ለዘመኑ ሽማግሌ የሚያሰኝ ዕድሜ መድረሱ፣ የሚደግፈው ወገን እንደነበረው ያሳያል።

ዝናውን ያገነነው ግን ሻኒዳር 4 ነው። በዐፅሙ ዙሪያ ከተወሰደው አፈር የአበባ ብናኝ ክምችት በመገኘቱ፣ ሶሌኪ ሟቹ በአበባ ታጅቦ እንደተቀበረ ጻፈ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አበባውን ጉድጓድ እየማሱ የሚኖሩ አይጦች፣ ብናኙንም ንቦች አስገብተውት ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። በዚህ ልፈርድበት አልደፍርም፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያ ቁፋሮዬ አንድ ክብ ጥቁር አፈር አይቼ «የምሰሶ ጉድጓድ አገኘሁ» ብዬ ከመዘገብሁ በኋላ የፍልፈል ጉድጓድ ሆኖ ወጥቷል፤ ያውም የጎጃም ገበሬ ልጅ ሆኜ!

ለእኔ ከአበባው ይልቅ አመዱ ይበልጥብኛል። በእስራኤል ቀርሜሎስ ተራራ በሚገኘው በከባራ ዋሻ ኒያንደርታሎች ከ60,000 ዓመት ገደማ በፊት ከወለሉ መካከል እየደጋገሙ እሳት ያነድዱ፣ የአጥንቱን ጥራጊ ደግሞ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ይጥሉ ነበር፤ የምድጃዎቹ አመድ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ፣ ነጩ ከላይ ጥቁሩ ከሥር ሆኖ ይታያል። በአፍሪካ የኒያንደርታል ዐፅም ተገኝቶ ባያውቅም፣ ያንን ወለል ለመረዳት የወንድሜ ትእዛዝ ከብዙ ንግግር የተሻለ ረድቶኛል።

ባለፈው ነሐሴ ወደዚያው ዋሻ ወጥቼ ነበር። ከጣሪያው ወርዶ የተጋደመ ትልቅ ድንጋይ የድሮ ምድጃችንን ግማሹን ተጭኖታል፤ የዛሬዎቹ እረኞችም እሳታቸውን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አሽሽተዋል። ተንበርክኬ አመዱን በጣቴ ስጭር አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።