የግንቦት ልደታ ሾርባ

እንኳን አደረሳችሁ! 2018 ገባ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል አደይ የለም። እንደ ልማዴ ከሱፐርማርኬት ቢጫ አበባ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ። የምን አበባ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ጠዋት በስልክ ለእናቴ አበባየሆሽ ዘፈነችላት። "ለምለም" የሚለው ላይ ቤቱ እስኪናወጥ ትጮኻለች፣ የቀረውን ታጉተመትማለች። እናቴ ከአዲስ አበባ "ብሩን በቴሌብር ልላክላት?" አለች። ሳቅን።

ከዚያ ዝም ተባለ። በየዓመቱ እናቴ ስትጨርስ ስልኩን የሚቀበሏት አባባ ነበሩ። አባባ አያቴ ናቸው፤ ጥር ላይ አረፉ።

አባባ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ፑሳን ወደብ ሲደርሱ ዕድሜያቸው 21 ነበር። በደርግ ጊዜ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጎታ ውስጥ ደብቀው ኖረዋል። ኮሚኒስት የወጋ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ያውቁ ነበር። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ ግን ወሬያቸው ሁሉ ኮሪያ ነው። "6 ሺህ ሰው ሄዶ አንድም አልተማረከብንም" ይላሉ። ቀጥሎ ስለ ብርዱ። ስለሞቱት 121 ሰዎች ግን እሳቸው አይጀምሩም፣ እኛም አንጠይቅም።

ባለቤቴን መጀመሪያ ወስጄ ሳስተዋውቃቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉና "ቹዎ! ቹዎ!" አሏት። ግራ ገባት፣ እኔን አየችኝ። "ይበርዳል ማለት ነው። ሕፃናቱ እሱን እያሉ ነበር ወደ እሳታችን የሚጠጉት" አሉ አባባ። ባለቤቴ ኮሪያ ተወልዳ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች በጉዲፈቻ ሚኔሶታ የመጣች ናት። ያኔ አንድ የኮሪያ ቃል አታውቅም። አባባ ይህን ሲሰሙ ተክዘው ቆዩ። "እንግዲህ አገርሽን እኔ አውቄልሻለሁ፤ ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ" አሏት። ነገሯትም። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በእኔ አስተርጓሚነት።

ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ከዚያች አገር ወደ ውጭ ተልከዋል። በሺህ የሚቆጠሩት ያደጉት እዚሁ ሚኔሶታ ነው። ባለፈው መጋቢት የኮሪያ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምርመራውን ይፋ አደረገ። ወላጅ እያላቸው "ወላጅ አልባ" ተብለው የተጻፉ ልጆች ነበሩ፤ ወረቀታቸው የተፈበረከ ነበር። ባለቤቴ ዜናውን ያነበበችው ወጥ እየሠራች ነው። ሽንኩርቱ አረረ። ከተጋባን ጀምሮ "አንድ ቀን እሄዳለሁ" ስትል የኖረችው ሴት ማታውኑ ትኬት ቆረጠች።

ሴኡል ስለነበረን የቢሮ ጣጣ ብዙ አልልም። ፋይሏን የያዘው መሥሪያ ቤት ሦስት ገጽ አሳየን፣ የአንዱ ግማሽ በጥቁር ተሸፍኗል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቤተሰብ ለሚፈልጉ የዲኤንኤ ናሙና ይወስዳሉ። ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረጉ፣ አለቀ። እስካሁን የደወለ የለም።

ይልቅ ስለ ገበያው ልንገራችሁ። ጓንግጃንግ ገበያ አንዲት ባልቴት የማሾ ቂጣ በዘይት ይጠብሳሉ። ባለቤቴ ገንዘቡን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩአትና የሆነ ነገር ተናገሩ። በነጻ ታስተረጉምልን የነበረችው ተማሪ "የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ፣ አሳዳጊዋ ግን ጎበዝ ነው እያሉ ነው" አለችን። ባለቤቴ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ይህን ነገር የሚኔሶታ ቤተሰቦቿ አላስተማሯትም። ያስተማረቻት እናቴ ናት፣ ለአባባ ቡና ስታቀብል "ለሽማግሌ በአንድ እጅ?" ብላ ተቆጥታት። እናቴ ሳታውቀው ኮሪያዊት ስታሳድግ ኖራለች።

ቹንቾን ከተማ ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወንዙ ዳር ጃንሆይ በ1960 ዓ.ም. የተገኙበት የቃኘው ሐውልት አለ። እዚያው አጠገብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቡና የሚያፈላው "ኢትዮጵያ ቤት" አለ። አባባ "እዚያ ስትደርሱ አንድ ስኒ ጠጡልኝ፣ ስኳር አታብዙ" ብለው ነበር። ሦስት ስኒ አዘዝን። ሦስተኛውን ልጄ ሳናያት ስኳር ሞልታበት ጠጣችው።

ቀኑ ሚያዝያ 30 ነበር፣ በእነሱ የወላጆች ቀን። ከተማው በሙሉ ካርኔሽን አበባ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቴም አንድ ገዛች። ለማን እንደምትሰጠው ግን አላወቀችም፣ ቀኑን ሙሉ ይዛው ዞረች። ማታ ላደርንበት ቤት ባለቤት ሰጠቻቸው። ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው። በስልክ ማስተርጎሚያ ልደቷ መቼ እንደሆነ ጠየቋት። "ወረቀት ላይ የተጻፈ አለ፤ ግን በግምት ነው" አለቻቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያው ነገ ይሁን።"

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሽታው ቀሰቀሰን። ሚዮክጉክ ይሉታል። ከባሕር በሚለቀም ቅጠል የሚሠራ ሾርባ ነው። አራስ የምትጠጣው እሱን ነው፣ እንደ እኛ ገንፎ። ልጅ ደግሞ በየልደቱ ይጠጣዋል፤ እናቱ እሱን የወለደች ሰሞን የጠጣችውን። ባለቤቴ ልደቷን ዕድሜ ልኳን በኬክ ነው ያከበረችው። ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቃል ሳትተነፍስ ጨረሰች። ሴትዮዋ ደገሙላት። እሱንም ጨረሰች። ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። እናቴ የንፍሮ ፎቶ ልካለች። "እንኳን ለግንቦት ልደታ አደረሳችሁ" ይላል።

ፎቶውን ለሴትዮዋ አሳየናቸው። የስልኩ አስተርጓሚ ማርያምን ምን ብሎ እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ። እሳቸው ግን ሽንብራውን አጉልተው አዩና "ጨው አለው?" ብለው ጠየቁ።

እኚህን ሴት አመሰግናለሁ። ስማቸውን ብጽፈው ደስ አይላቸውም። ያቺን ተማሪም አመሰግናለሁ፣ ምሳ እንኳ በግድ ነው የጋበዝናት። ከሁሉም በላይ የሚኔሶታዋን አማቴን። ሕፃኗ ተጫምታ የመጣችውን የጎማ ጫማ አርባ ዓመት በወረቀት ጠቅልለው አቆይተዋል። ስንነሳ "ምናልባት የሚያውቀው ሰው ካለ" ብለው ሰጡን። ዘንድሮ ለእሳቸውም ከባድ ነበር። እሳቸውም ወረቀቱን አምነው ነው ልጅ ያሳደጉት።

በየድግሱ "ቻይናዋን ከየት አገኘሃት?" የምትሉኝ ወንድሞቼ፣ አዲሱ ዓመት አዲስ ጥያቄ ያምጣላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አገራችን የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. እስክትከለክል እኛም ልጆች ልከናል። እዚሁ አድገዋል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሲያመነቱ አይቻለሁ። "እንዴ፣ አማርኛ አትችይም?" ተብለው ሲመለሱም አይቻለሁ። አባባ ባለቤቴን እንዲያ አላሏትም።

የኮሪያው የመኸር በዓል ቹሶክ ዘንድሮ መስከረም 26 ይውላል። ሶንግፒዮን እንሠራለን፣ በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ሊጥ ነው። አምና ተፈረካክሶብናል፣ ዘንድሮ እንሞክራለን። ዶሮም አለ፣ ጽጌን ለምትጾሙ አትክልት። በጉዲፈቻ መጥቶ እዚህ ያደገ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። መጠጥ አታምጡ፣ ወንበር አምጡ። "ቻይናዋ" ያለ ሰው ሳህን ያጥባል።