ሃያ ሜትር ደልዳላ መሬት

ደሴ ውስጥ ሃያ ሜትር ደልዳላ መሬት ማግኘት ምን ያህል እንደሚያለፋ ያወቅሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። እህቴ የምታስተምርበት አጸደ ሕፃናት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ግቢው ለዓይን ሰፊ ቢመስልም ሜትር ዘርግተን ስንለካው፣ ከበሩ ተነሥቶ ሳያጋድል የሚሄደው ክፍል ከ12 ሜትር አላለፈም፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል የሚሮጥ ልጅ ያለ ብቃቱ ይፈጥናል፣ ሽቅብ ሲመለስም ያለ ስንፍናው ይዘገያል፤ ስለዚህ እዚያ የሚመዘገበው ሰዓት ከልጁ እግር ይልቅ የመሬቱን አቀማመጥ የሚናገር ይሆናል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነኝ። እህቴ የጠየቀችኝ ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚሆናቸው ልጆቿ በአካል ብቃት እንዴት እንዳሉ እንድለካላት ብቻ ነበር የፈለገችው። ትልልቆቹን መለካት ለምጃለሁ፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ይሮጣሉ፣ ይመዘገባል። የአራት ዓመት ልጅ ግን ፊሽካ ሲነፋ ሰምቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር «ለኔም አንዴ ልንፋው» ብሎ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ዕድሜ ተብሎ የተዘጋጀ የመለኪያ ስብስብ አለ። በእስፔን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ፍራንሲስኮ ኦርቴጋና አብረውት የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ቀደም ሲል በትንንሽ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ገምግመው እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሪፊት በሚል ስም ያቀረቡት ነው። በውስጡ የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ፣ የእጅ ጭብጥ ጥንካሬ፣ ቆሞ ወደ ፊት መዝለል፣ አራት ጊዜ 10 ሜትር በፍጥነት መመላለስና በአንድ እግር መቆም ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ጋር ቁመት፣ ክብደትና የወገብ ዙሪያ ይለካሉ። አብዛኞቹ ለትልልቅ ልጆች የኖሩ መለኪያዎች ሲሆኑ፣ አዲሱ ነገር ለሕፃን እንዲስማሙ የተደረገባቸው ማስተካከያ ነው።

የምልልስ ሩጫውን ብንወስድ፣ መሠረቱ ካናዳዊው ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጀው፣ በድምፅ ምልክት እየተመጠነ የሚሮጥ ሩጫ ነው። እዚያ መነሻው ፍጥነት በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ሲሰላ የመጀመሪያውን 20 ሜትር በ8.5 ሰከንድ ገደማ ማድረስ ይጠይቃል። ይህ ለሦስት ዓመት ልጅ ገና ከመነሻው ሽሚያ ነው። ፕሪፊት መነሻውን ወደ 6.5 ኪሎ ሜትር ስላወረደው ልጁ ለእያንዳንዱ 20 ሜትር 11 ሰከንድ ገደማ ያገኛል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ማስተካከያ ነው፤ ለኪዎቹ ራሳቸው ከልጆቹ ጋር ይሮጣሉ። ሕፃን ከድምፅ ማጉያ የሚወጣን «ጢጥ» ሰምቶ እርምጃውን ሊመጥን አይችልም፤ ከፊቱ የሚሮጥን ሰው መከተል ግን ተፈጥሮው ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚያ ቀን የማን ብቃት እንደተለካ እህቴ ሳትታዘብ አልቀረችም።

የመጀመሪያውን ቀን ውጤት በሙሉ ሠረዝኩት። ምክንያቱን አንድ ልጅ ብቻ ጠቅሼ ላስረዳ። መስመር አሥምሬ፣ እግሮቹን አጋጥሞ ቆሞ እንዲዘል ነገርኩት፤ እሱም ባለ በሌለ ኃይሉ ዘለለ፣ ነገር ግን የዘለለው ወደ ላይ ነበር፤ ያረፈውም መስመሩ ላይ ነው። በመዝገቤ ዜሮ ሴንቲ ሜትር ጻፍኩ። እህቴ ጠመኔውን ተቀብላኝ ከመስመሩ ወዲያ ጠመዝማዛ ነገር ሣለችና «ይኸ ቦርከና ነው፤ ውኃው እንዳይነካህ ተሻገረው፣ አብሽር!» አለችው። ልጁ ከቁመቱ ብዙም የማያንስ ርቀት ተወርውሮ አረፈ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በጡንቻው ላይ የተጨመረ ነገር የለም። የተጨመረው የመረዳት ጉዳይ ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ ቀን መዝገብም ማን ትእዛዝ እንደገባው እንጂ ማን ብርቱ እንደሆነ የሚያሳይ አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ልጅ ከመመዝገባችን በፊት እህቴ ራሷ ሠርታ ታሳያለች፣ ልጁ ይሞክራል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይዘልና የሁሉም የሚበልጠው ይያዛል። ርቀቱም የሚለካው ከመነሻው መስመር ተነሥቶ ወደ ኋላ እስከቀረው ተረከዝ ነው፤ ልጅ ሲያርፍ አንድ እግሩን ወደ ኋላ መጣል ይወዳልና ይህች ትንሽ ሕግ ብዙ ሴንቲ ሜትር ትወስናለች።

በአራት ጊዜ አሥር ሜትሩም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። ልጆቹ መስመር ነክተው እንዲመለሱ ስንነግራቸው አንዳንዱ ሜትር ሲቀረው ይዞራል፣ አንዳንዱ ደግሞ መስመሩን አልፎ እስከ ግንቡ ይሄዳል። ፕሪፊት ለዚህ ያበጀው መላ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሰው ቆሞ እጁን እንዲዘረጋና ልጁ መዳፉን እንዲነካ ማድረግ ነው፤ ያንን ባደረግን ዕለት ሁሉም በትክክል ዞረ። አሥር ሜትር ስለሆነም በእህቴ ግቢ ውስጥ ተሠራ። የጭብጥ ጥንካሬውን ግን ተውነው፤ በተውሶ ያገኘሁት ዳይናሞሜትር (የጭብጥ ኃይል መለኪያ መሣሪያ) ለአዋቂ እጅ የተሠራ በመሆኑ፣ መያዣው ለዚህ ዕድሜ ወደሚመከረው 4 ሴንቲ ሜትር ሊጠብ አልቻለም።

በአንድ እግር መቆም ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። ትላንት ረጅም ጊዜ የቆመ ልጅ ዛሬ ዶሮ ስታልፍ አይቶ ወዲያው ይወድቃል፤ ከሁሉም መለኪያዎች ከቀን ቀን የተገለባበጠብኝ ይህ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ፤ ሰፈራቸው ውስጥ ከታላላቆቻቸው ጋር ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች በአንድ እግር ቁሙ ሲባሉ ምን እንደተጠየቁ ይገባቸዋል። ጠጠር ጥሎ በአንድ እግር እየነጠሩ ሳጥኑን መዞር ሚዛንንም የእግር ጥንካሬንም በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነው፤ በተለይ ሴቶቹ ልጆች በዚህ ረገድ ለእኔ ማስተማሪያ ነበሩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ሩጫውም ዝላዩም አልነበረም፤ የልጆቹን ዕድሜ ማወቅ ነበር። ሦስት ዓመት ከዜሮ ወር የሆነውና ሦስት ዓመት ከ11 ወር የሆነው ሁለቱም «ሦስት ዓመት» ተብለው ይጻፋሉ፤ ነገር ግን 11 ወር ለታናሹ እስካሁን ከኖረው ዕድሜ ሲሶ የሚጠጋ ነው። በዚህ ዕድሜ በወር ያልተያዘ ዕድሜ ያለበት መዝገብ ልጁን ይበድላል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቢሆንም፣ የምስክር ወረቀት ይዘው የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የበጀን የክትባት ካርድ ነው። ካርዱ ለጠፋባቸው ደግሞ እናቶችን መጠየቅ ነበረብን። «በጥምቀት ማግስት» ያለች እናት ቀኑን ነገረችን ማለት ነው። «በአረፋ ሰሞን» ስንባል ግን ዓመቱን በደንብ ማጣራት ያስፈልግ ነበር፤ አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የአምስት ዓመት በፊቱ አረፋ ከዘንድሮው ጋር ሁለት ወር ሊደርስ ጥቂት በሚቀረው ጊዜ ይራራቃል። አንዲት አያት ይህን ስንቆጥር አይተው «ልጁ መሮጡን ካያችሁ ወሩ ምን ያደርግላችኋል?» አሉን። በጥሞና አስረዳናቸው፤ ያመኑን ግን አይመስለኝም።

የዘመዳችን ልጅ ኮምቦልቻ ስለምታስተምር፣ እዚያም ብንለካና ብናወዳድር የሚል ሐሳብ መጣ። ሐረጎ የተባለውን ዳገት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሜዳ ችግር አይደለም። ሐሳቡን የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ረዘም ያለ ሩጫ ደግሞ በኦክስጅን የሚሠራ በመሆኑ ከፍታው በምልልስ ሩጫው ላይ ጫና ይኖረዋል። በዚያ ላይ የእኛዎቹ በብርዱ ሁለት ሹራብ ደርበው ሲሮጡ የኮምቦልቻዎቹ በካኒቴራ ነው። ይህ ሁሉ ተደርቦ «የኮምቦልቻ ልጆች በለጡ» የሚል ወሬ ሐረጎን ሽቅብ ቢመጣ ማን ይመልሰዋል? በዚሁ ምክንያት ከእስፔን ልጆች የተገኙትን የማመሳከሪያ ሰንጠረዦች ለሩጫው አልተጠቀምኩባቸውም፤ ከእስፔን የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች ከፍተኛዋ አቪላ እንኳ 1100 ሜትርን በጥቂቱ ብታልፍ ነው፣ ከኮምቦልቻም ታንሳለች።

ቁመትና ክብደትን በተመለከተ ግን ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዕድገት መለኪያ ከስድስት አገሮች፣ ማለትም ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተወሰዱ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ነው። ቁመት በሩጫ ጉዳይ ለምን እንደሚነሣ የሚጠይቅ ወላጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ እግሩ አጭር ስለሚሆን ዝላዩም እርምጃውም ያጥራል፤ በዝላይ ብቻ ፈርዶ «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ያለ ሰው የገበታን ጉድለት በልጁ ጠባይ ላይ ጫነ ማለት ነው።

ይህን የምለው ከገጠመኝ ተነሥቼ ነው። እኛ እንደምንለካ የሰማ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት የራሱን ልጆች በራሱ መንገድ አስሮጦ፣ ውጤቱን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ሰጥቶ በር ላይ ለጠፈው። አንዲት እናት ያንን ፎቶ በስልኳ አሳይታኝ «መምህር፣ የኔ ልጅ ሃያ ሁለተኛ ነው፤ ሐኪም ላሳየው?» አለችኝ። የልጁን የልደት ወር ጠየቅኋት፤ ከክፍሉ ሁሉ ታናሽ ነበር። በዚያ ዕለት ምን በልቶ፣ ምን ተጫምቶ እንደሮጠ የመዘገበም የለም። ከዚያ ወዲህ ለእህቴ ተማሪዎች ወላጆች የምንሰጠው ወረቀት ላይ የልጁ የራሱ ቁጥር፣ ዕድሜው በወርና ቀጣዩ የልኬት ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የሌላ ልጅ ቁጥር የለበትም። የሚወዳደረው የጥቅምቱ ዝላይ ከሚያዝያው ዝላይ ጋር፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው የጠዋት አራት ሰዓት ፀሐይ ነው።

የሃያ ሜትሩን መሬት ያገኘነው ከአጸደ ሕፃናቱ ጎን የእህል መጋዘን ካላቸው አንድ ሐጂ ዘንድ ነው። ግቢያቸው ለጭነት መኪና ተብሎ የተደለደለና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ነው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ «ልጅ ለማስሮጥ ሜትር ምን ያደርጋል?» ብለው ሳቁብን፤ በማግስቱ ግን መኪናዎቹን አስወጥተው በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ጠበቁን፣ ልጆቹ ሲመላለሱም «አብሽር! አብሽሪ!» ሲሉ ዋሉ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ በጠመኔ ያሠመርነው መስመር በዝናብ ታጥቦ እንደጠፋ ነገሩኝ። ለሚያዝያ እንደገና እንደምናሠምር ስነግራቸው «ቀለም የሚቀባ ሰው አለኝ፣ እኔ አስቀባዋለሁ» አሉና ስንት ሜትር እንደነበረ ጠየቁኝ። ሃያ አልኳቸው፤ ከውስጥ ወደ ውስጥ እንዲለኩትም ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አደራ አልኳቸው።